የፊተኛው ጎማ

አባቴ የጋለ ብረት በባዶ እጁ ይይዝ ነበር። እያጋነንኩ አይደለም፤ ማጋነን የሚወድ ሌላ ቦታ ሄዶ ይስማ። ሊያቃኑት ከሰል ላይ የጣሉት የዶቅዶቄ የጭስ ማውጫ ቱቦ ግሎ ሌላው ሰው አጠገቡ መቆም ሲያቅተው፣ እሱ ጭብጥ አድርጎት ወሬውን ይቀጥላል። የቆዳው ሽታ እኔ አፍንጫ ይደርሳል፣ እሱ ጋ አይደርስም። ያን ጊዜ ጓደኛው ዞር ብሎ ያይና «እስቲ አምጣው፣ እኔ ልያዝልህ» ይለዋል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያነሳ ሰው።

እኔ ደግሞ በሩን በርግጄ ወደ ሰፈር ልጆች እሮጣለሁ። «የኔን አባት እሳት አያቃጥለውም» እላቸዋለሁ። «ውሸታም» ያለኝን በጠጠር አባርረዋለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ክርኔ ሹል፣ ምላሴ ከክርኔ የባሰ።

እጁ ሞቶ ነበር። ከጣቶቹ ጫፍ ጀምሮ እስከ መዳፉ ድረስ ምንም አይሰማውም። በሽታው ስም አለው፤ ዛሬ በየቤቱ ይጠራል፣ ያኔ እኛ ቤት አይጠራም ነበር። እግሩ ላይም አልድን ያለ ቁስል ስለነበረው ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ለማሳሸግ ሐኪም ቤት ይሄዳል። ለእኔ የተነገረኝ «አባትሽ እረፍት ላይ ነው» ተብሎ ነው። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ይህን ስትለኝ የስፌት መኪናዋን ፔዳል አጥብቃ ትረግጣለች፣ ሁለተኛው ጥያቄዬ በጩኸቱ እንዲዋጥ። እኔም እረፍት የሚሰጠው ለትልቅ ሠራተኛ ነው ብዬ አንገቴን አቅንቼ ሄድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ መካኒክ ነበር፣ በከተማው ትልቁ ጋራዥ ውስጥ። አንድ ቀን የአውቶቡስ ጎማ አስሮ ላከ። አውቶቡሱ ሰው ጭኖ ከተማውን ሳይለቅ ጎማው ተወላገደ፤ ሾፌሩ ባይነቃ ኖሮ ስንት ሬሳ ይለቀም ነበር። የጋራዡ አለቃ አባቴን ጠርቶ «ትንሽ እረፍ» አለው። ትንሽ አለ እንጂ እስከ መቼ አላለም።

ጓደኛው ቀጮ ይባል ነበር። ቅጥነቱ ቀበቶውን ሁለት ጊዜ ይጠመጥማል ተብሎ ይቀለድበታል። ከአባቴ ጋር መፍቻ መያዝ የጀመሩት በአንድ ቀን ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የግቢያችን በር ተንኳኳና ስከፍት ጋሽ ቀጮ አንድ የዛገ ነገር እየገፋ ገባ፤ ላቡ ባገጩ ይንጠባጠባል። የቀድሞ ደብዳቤ አመላላሽ ዶቅዶቄ ነበረች፤ ከጋራዡ ጓሮ፣ ከውዳቂ ብረት መሀል ያወጣት። መቀመጫዋን አይጥ በልቶት ሰፍነጉ ተንጠልጥሏል።

አባቴ የቤቱ በር ደፍ ላይ ቆሞ አያት። «ይህቺ ደግሞ ማን ናት?»

«ሙሽራህ።»

«ዓይኗስ?» የፊት መብራቷ ጠፍቶ ጉድጓዱ ብቻ ነበር።

«አንተን እንዳታይ ብዬ አወለቅሁላት።»

አባቴ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ እናቴ ግን መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ቀና ስትል አይቻለሁ። «ይህን ሬሳ እኔ ግቢ ልትቀብሩት ነው?» አለች።

«እትዬ፣ ትነሳለች» አላት ቀጮ። ወደ አባቴ ዞሮ፣ «ስትነሳ ነድተሃት ጋራዡ ድረስ ትመጣለህ። አለቃ በር ላይ ቆሞ ያይሃል። ይህቺን ያስነሳ እጅ ቤት አይቀመጥም ይላል። ራሱ ነው የነገረኝ።»

አለቃው እንዲህ ብሎ አያውቅም። ቀጮ ከራሱ ፈጥሮ ነው። እኔ ግን ሰማሁ፣ አባቴም ሰማ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ የቤታችን ተስፋ በሙሉ እዚያች ዝገት ላይ ተጫነ። ዶቅዶቄዋ ከተነሳች አባቴ ሥራው ይመለሳል። ካልተነሳች እዚያው ደፉ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ከቤቱ ጎን በቆርቆሮ የተሸፈነች የዕቃ ማኖሪያ ነበረችን፤ ጋራዥ አደረጓት። በየቀኑ ከሰዓት ቀጮ ከሥራ ሲወጣ ቱታውን ሳይቀይር ይመጣል። ቤንዚን በቆርቆሮ ሳህን ይቀዳና ብረቱን ሁሉ ያጥባሉ፤ ዝገቱ ሲለቅ ቤንዚኑ እንደ ሻይ ይቀላል። ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል። አባቴ ሁልጊዜ የማሰሩን ሥራ ለራሱ ነበር የሚያደርገው፤ «ስጠኝ፣ አንተ ታላላዋለህ» ይላል ለቀጮ። ቀጮም ይሰጠዋል። አባቴ ዳዶዋን፣ ያቺን ብሎን ላይ የምትጠመዘዘውን ቁራጭ ብረት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያስገባታል። ለምን ዓይኑን እንደሚጨፍን ስጠይቀው፣ «የኔ ዓይን ጣቴ ላይ ነው» አለኝ። ይህንንም ሮጬ ለልጆቹ ነገርኩ።

አሁን ሳስበው፣ ዓይኑን የሚጨፍነው የጠፋውን ስሜት ሲፈልግ ነበር። ጨለማ ክፍል ገብቶ የጣለውን ዕቃ እንደሚዳብስ ሰው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። አባቴ ሐኪም ቤት ሄዷል። እኔ እናቴ ጎረቤት ክር እንድገዛ ልካኝ፣ ሱቁ ዝግ ሆኖ ቶሎ ተመለስኩ። በግቢው በር ሽንቁር ሳይ ጋሽ ቀጮ ከሥራው ሾልኮ መጥቶ ማኖሪያዋ ውስጥ ተንበርክኳል፣ እናቴ አጠገቡ ቆማለች። ገብቼ በተከመረው የእናቴ ቁርጥራጭ ጨርቅ ኋላ ተደበቅሁ። የሰው ወሬ መስማት እወድ ነበር፤ ማን የማይወድ አለ።

«እስኪያሽጉለት አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ቶሎ በል» አለች እናቴ።

«ትናንት ያሰራቸውን ሁሉ ልፈታቸው ነው፣ እትዬ።»

«እንዳያውቅ ብቻ።»

«አያውቅም።»

«በሱ ቦታ አንተን አስገቡህ አሉ» አለችው።

ቀጮ አንገቱን ሳያነሳ፣ «እኔ እምቢ ብል ሌላ ሰው ያስገባሉ» አለ።

«ነግረኸዋል?»

«በምን አፌ?»

እናቴ ወደ ቤት ገባች። እኔ ጨርቁ ውስጥ ደሜ ፈላ። ጋሽ ቀጮ የአባቴን ቦታ ወስዷል። አባቴ እንዳይመለስ ደግሞ የሠራውን እያፈረሰበት ነው። እናቴ በሩን ትከፍትለታለች። በዘጠኝ ዓመት ጭንቅላት ይህ ልክ እንደ ፀሐይ ግልጽ ነበር።

የፊተኛውን ጎማ ዳዶ ፈታው። አወጣው፣ ወደ ብርሃን አንስቶ አየው፣ እፍ አለበት፣ ጥርሱን በሽቦ አጸዳ። መልሶ አስገባና በመፍቻው ላይ ሙሉ ክብደቱን ጥሎ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገተር አጠበቀው። ከዚያ በጠመኔ አሰመረበት፣ ወደሚቀጥለው ሄደ። ሁሉንም ሲጨርስ አውራ ጣቱን በምራቁ እያረጠበ ጠመኔውን አንድ በአንድ አጠፋ።

እዚህ ላይ ልብ በሉኝ። ሲፈታ አየሁት፣ ሲያጠብቅም አየሁት። ሁለቱንም። በእኔ ቤት ማጠበቁ መሸፈኛ ነው፤ ሌባ ሲወጣ በሩን እንደሚዘጋ። አባቴ እያሰረ የሚያበላሸውን እሱ እያቀና እንደነበር የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ቢነግሩኝም ያን ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ ነበር የምለው፤ እሳት የማያቃጥለው አባት ያላት ልጅ እንዴት አድርጋ ትሰማዋለች።

አባቴ ሲመለስ በር ላይ ጠበቅሁት። ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ነገርኩት።

«ሲፈታ አይተሻል?» አለኝ።

«አዎ። አንተ ያሰርከውን ሁሉ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ዛሬ። ግን እማዬ 'እንዳያውቅ' ስትለው ሰምቻለሁ።»

ማኖሪያዋ ውስጥ ገብቶ የዘይት በርሜል ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አያቸው፤ መጀመሪያ መዳፉን፣ ቀጥሎ ገልብጦ ጀርባውን። ከመሬት ሚስማር አነሳና ጣቱን ወጋ። ደም ወጣ። ሚስማሩን አስቀመጠው። እኔ ጀግንነቱን ሊያሳየኝ መስሎኝ ፈገግ አልኩለት።

እዚያው በርሜል ላይ ሁሉም ነገር ገባው። ቀጮ ለምን እንደሚመጣ፣ አውቶቡሱ ለምን እንደተወላገደ፣ እረፍቱ እስከ መቼ እንደሆነ። ይህን የምለው ገምቼ አይደለም፤ በማግስቱ ያደረገውን ስላየሁ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት ቀጮ እንደልማዱ ሲገባ አባቴ ግቢው መሀል ቆሞ ጠበቀው። የግቢያችን በር ክፍት ነበር፤ ከበሩ ፊት ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ነበረች፣ ምላሷ ከሰፈሩ ዶሮ ቀድሞ የሚነቃ። አባቴ እሷ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ባል ሲወጣ ጠብቆ የሚገባ ሰው ምን ይባላል?»

ቀጮ የያዘውን የዘይት ጣሳ እንደያዘ ቀረ። «ምን አልከኝ?»

«ሚስቴን ፈልገህ ከሆነ እኔ ስኖር ና። ማክሰኞ ማክሰኞ ተደብቀህ አትምጣ።»

እናቴ ከቤት ወጣች፤ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለው የመለኪያ ሜትር ይወዛወዛል። «ምን ነካህ አንተ ሰው? እሱ የሚመጣው እጅህ...»

«እጄ ምን ሆነ?» አላት። ቀስ ብሎ ነው ያላት። «በይ ተናገሪ። እጄ ምን ሆነ?»

እናቴ አፏን ያዘች። ቀጮ የአባቴን እጆች አየ፣ ከዚያ ሽንኩርት ሻጯን አየ፣ ጣሳውን መሬት አስቀመጠ። ሊናገር የከፈተውን አፍ ዘጋው።

«ከዛሬ ወዲያ እግርህ ይህን ደጅ እንዳይረግጥ» አለ አባቴ።

«እሺ፣ ወንድሜ» አለ ቀጮ፣ ወጣ።

አባቴ መረጠ። መካኒክ አይደለም ከሚባል ሚስቱ ወሽማለች ቢባል ይሻለዋል። የእናቴን ስም ሽንኩርት ሻጯ እጅ ላይ ጥሎ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። እወደዋለሁ፣ ግን ያደረገው ይህን ነው። እናቴ ከዚያ በኋላ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ሴቶቹ ወሬያቸውን ይቆርጡ ነበር።

ለእኔ ግን ከዚያ የተከተለው ሁለት ሳምንት በዕድሜዬ ከኖርኩት ሁሉ ጣፋጩ ነው። አባቴ ቀጮ የነካውን ብሎን በሙሉ አንድ ሳያስቀር ፈታ። «የሌላ ሰው እጅ ያለበት ሥራ ይዤ አለቃ ፊት አልቀርብም» አለ። እንደገና ማሰር ሲጀምር እኔን ጠራኝ።

«ነይ እስቲ፣ የኔ ጎበዝ። አንቺ ነሽ ረዳቴ።»

ዳዶዋን በእኔ ጣት ያስገባል። መፍቻውን በሁለት እጄ ያስይዘኛል። እየሳብኩ ስቃትት ከኋላዬ ቆሞ፣ «ጠበቀ?» ይለኛል።

«ጠብቋል አባዬ።»

«በደንብ?»

«በጣም። ከዚህ በላይ አይሄድም።»

ክንዴ ነበር ከዚያ በላይ የማይሄደው። ዳዶዋ ትሄድ ነበር። ግን «ጠብቋል» ስለው ፊቱ ላይ የሚመጣው ነገር አለ፣ ያንን ለማየት ነው የምለው። የፊተኛውን ጎማ የመጨረሻ ቀን አሰርነው። እጄ ተልጦ ስለነበር ሁለት ጊዜ ብቻ ሳብኩት። «ጠበቀ?» አለኝ። «ጠብቋል» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ዶቅዶቄዋ ተነሳች። ስትነሳ ቆርቆሮው ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ ጭሱ የእናቴን የተሰጣ ልብስ አጠቆረው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «አትንዳት፣ በእግዜር» አለችው። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ፊቱን ተላጭቶ ነበር።

«እኔንም ውሰደኝ» አልኩ።

«መጀመሪያ አለቃ ይያት። ከዚያ አንቺ።»

ሮጬ ተከተልኩት። ጋራዡ ከቁልቁለቱ ሥር ነው። መካኒኮቹ ድምፁን ሰምተው ወጥተዋል፣ ቀጮም ከመሀላቸው አለ። አባቴ አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ሰላም አላቸው። ያን ጊዜ የፊተኛው ጎማ ብቻውን ወጥቶ ከፊቱ መሮጥ ጀመረ፤ ልጆች በዱላ እየመቱ እንደሚያሽከረክሩት ክብ ሽቦ፣ ቀጥ ብሎ ተንከባልሎ ቁልቁል ወረደ። ሳቅሁ። ጎማው አባቴን ሲቀድመው አስቆኝ ከት ብዬ ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ ሰዎቹ እየጮሁ ወደ መንገዱ ሮጡ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ቀጮ ነው፤ የአባቴን ራስ ከድንጋዩ ላይ አንስቶ ቱታው ላይ አስተኛው። ነጩ ሸሚዝ ነጭ አልነበረም።

ፖሊስ ቀጮን በሦስተኛው ቀን ወሰደው። ሽንኩርት ሻጯ የሰማችውን ተናገረች፤ የሟችን ሚስት ወሽሟል፣ ከቤታቸው ተባሯል፣ የሟችን የሥራ ቦታ ይዟል። ብሎን ሲፈታ ያየች ልጅም አለች።

ፍርድ ቤቱ ውስጥ ከሁሉ የማስታውሰው የወንበሩን ሽታ ነው፣ የድሮ ቀለምና የሰው ላብ። እናቴ ተነስታ፣ «ባሌ እጁ አይሰማውም ነበር፤ ይህ ሰው የሚመጣው የሱን ስህተት ሊያርም ነው» አለች። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ የወሸመችውን ልታድን ነው ብሎ። ዳኛው የጋራዡን አለቃ ጠየቁት። አለቃው እጁ የሞተ ሰው አውቶቡስ እንዲያስር ያደርግ እንደነበር ከተናገረ ራሱ ይጠየቃል። «ሙሉ ጤነኛ ነበር፣ እረፍት ላይ ነበር» አለ።

ቀጥሎ ቀጮን ጠየቁት። «እውነት ሟች እጁ የታመመ ነበር?»

ቀጮ እናቴን አየት አድርጎ ወደ ዳኛው ዞረ። «በዚህ ከተማ ከሱ የሚበልጥ መካኒክ አላውቅም» አለ።

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ለምን እንዲህ እንዳለ በኋላ ነው የገባኝ። ከአውቶቡሱ በኋላ የአባቴን እጅ ነገር ለአለቃው የተናገረው ራሱ ቀጮ ነው፤ ሰው ከሚያልቅ ብሎ። አንድ ጊዜ የጓደኛውን እጅ አጋልጧል፤ ሁለተኛ ጊዜ፣ ያውም ከሞተ በኋላ፣ አላደርገውም አለ። ደግሞም መውጫ ነበረችው። እኔ ነበርኩ።

አስቆሙኝ። «ብሎን ሲፈታ አይተሻል?» አሉኝ ዳኛው።

«አይቻለሁ።»

ቀጮ ፈቃድ ጠይቆ ወደ እኔ ዞረ። ድምፁ ቤታችን እንደሚመጣበት ጊዜ ነበር። «የኔ ልጅ፣ ያን ቀን ጨርቁ ኋላ ጫማሽን አይቼዋለሁ። ስፈታው እንዳየሽ፣ መልሼ ሳጠብቀውስ አላየሽም?»

ዓይኑን አየሁት። በኋላ ሰዎች ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች ሲሉ ሰምቻለሁ። አውቅ ነበር። እሱ ካጠበቀው በኋላ ማን እንደፈታው አውቅ ነበር፤ ማን መልሶ እንዳሰረውም አውቅ ነበር። የተላጠው መዳፌ ምልክቱ ገና አልጠፋም ነበር።

«አላየሁም» አልኩ።

ጸሐፊው ጻፈው። ከኋላ አንዷ፣ «የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ብላ ትዋሻለች» ስትል ሰማሁ። ሰባት ዓመት ፈረዱበት።

እናቴ ቤት ስንደርስ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችኝ። «አይተሽው ነበር አይደል?» ጫማዬን አውልቄ ወደ ጓዳ ገባሁ። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ በቁልምጫ ጠርታኝ አታውቅም። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ቀረ፤ አጠገቧ ተቀምጬ ቁልፍ መትከል ጀመርኩ። የአባቴን እጅ ነገር አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ፣ መርፌ እየሰካች፣ እንደ ተራ ወሬ ነገረችኝ። በዚያው ዓመት ቀጮ ተፈታ። ጋራዥ የሚቀጥረው አጥቶ መንገድ ዳር ብስክሌት ይጠግን ነበር። በዚያ መንገድ ስሄድ ተሻግሬ በማዶ በኩል አልፋለሁ። ለምን ሄደሽ እግሩ ላይ አልወደቅሽም የሚል ካለ፣ ኩራት ነው። ሌላ ስም አልፈልግለትም።

እናቴ ስትሞት ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ቀብሯ ላይ ቀጮ መጣ። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ከሰው ራቅ ብሎ ቆመ። «ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ» አለች አንዷ። ሌላዋ፣ «ፍቅር አይደል፣ እስከ መቃብር» አለችና ተሳሳቁ። የእናቴ አፈር ገና እርጥብ ነው።

ያን ጊዜ ተናገርኩ። ድምፄ እንደምታውቁት ነው፣ ማንም አልሰማሁም አይልም። «ስሙ። ይህ ሰው እናቴን ነክቷት አያውቅም። አባቴ እጁ ሞቶ ነበር፤ ብሎን ማሰር አይችልም ነበር፤ ይህ ሰው እየመጣ ያርምለት ነበር። ሲያጠብቅ አይቼዋለሁ። ለዳኛው ዋሽቻለሁ። የፊተኛውን ጎማ የመጨረሻ ጊዜ ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ በዚህች እጄ።»

ሳቂዎቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳቡ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ ከአባቴ ጋር የሠራ መካኒክ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ «እጁ ሞቶ ነበር? አሃ፣ ለዚያ ነዋ ያ አውቶቡስ» አለ። ሌላው ቀጠለ። አባቴ ያሰራቸውን፣ የተበላሹትን፣ እየቆጠሩ ማንሳት ጀመሩ። የእናቴን ነገር ያነሳ የለም። ስለ ቀጮ ያነሳ የለም።

ወደ ቀጮ ሄድኩ። የሚያቅፈኝ መስሎኝ ነበር፤ አዎ፣ በዚያ ዕድሜዬም እንዲህ አሰብኩ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን አደረግሽ?» አለኝ።

«እውነቱን ነዋ። ስምህን መለስኩልህ።»

«ስሜን ማን ጠየቀሽ?» አለ። «ሰባት ዓመት ያንን ቃል ከአፌ ሳላወጣ ነው የተኛሁት። አባትሽ አንድ ነገር ብቻ ነው የነበረው፣ የጎበዝ መካኒክ ስም። ያንንም ነስተሽው ለነዚህ ሰጠሻቸው።» በአገጩ ወደ መካኒኮቹ ጠቆመኝ። ገና እያወሩ ነበር፤ አንደኛው የአባቴን እጅ አያያዝ በእጁ እያሳየ ሌሎቹ ይስቁ ነበር።

«ጋሽ ቀጮ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። በሕይወቴ ለማንም ያላልኩትን።

ኮፍያውን አደረገ። በመቃብሮቹ መሀል እየተራመደ ወደ በሩ ሄደ፣ አልዞረም። ከዚያ በኋላ መንገዱን መሻገር ትቼ በሱ በኩል ነበር የማልፈው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋትና ማታ። «እንደምን አደሩ ጋሼ» እለዋለሁ። እሱ ብስክሌቱ ላይ አጎንብሶ ሥራውን ይሠራል። እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን ቀና አላለልኝም።